እትዬ ቀኙ አባት ቤት የገባች ዕለት

በዚያ መንገድ ላይ ሁለት ጌም ቤቶች አሉ። አንደኛው ከጫማ ሰፊው ጎን ነው፤ ሁለተኛው ፋርማሲውን አልፎ መንገዱ ሽቅብ ሲታጠፍ። ሁለቱም ደማቅ ታፔላ ሰቅለው ነበር፤ ግን ታፔላ ማን ያነባል? ደንበኛው የራሱን ስም አወጣላቸው፤ የታችኛው «እናት ቤት»፣ የላይኛው «አባት ቤት» ተባሉ። የሁለቱ ቤት ባለቤቶች አንድ ጊዜ ባልና ሚስት ነበሩ፤ አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ፣ በኋላም ተፋቱ። ወጣቱ ከሥራ ሲወጣ «ዛሬ እናት ቤት ነው አባት ቤት?» ይባባላል። እንዲህ ያለ ቀልድ ለሚቀልደው ይጣፍጠዋል፤ እንዴት እንደሚጎመዝዝ ግን የሚቀለድበትን ጠይቁት።

የታችኛዋን «እትዬ ቀኙ» ይሏታል። እሷ ቤት ያሉት ማሽኖች ትልልቆቹ ጥቁሮቹ ናቸው፤ ኳስ፣ ቡጢና መኪና የሚጫወቱባቸው። የጆይስቲኩ ቀኝ ጎን ላይ አራት ቁልፎች አሉ። በጥቁሩ ማሽን የታችኛው ቁልፍ «እሺ» ማለት ነው፤ የቀኙ ደግሞ «ተወው፣ ተመለስ»። ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ጽሑፍ በባዕድ ቋንቋ ነው፤ እሷ ቋንቋውን አታነብም። አውራ ጣቷ ግን ያነባል። ደንበኛ የማያውቀው ገጽ ውስጥ ገብቶ «እትዬ፣ ጠፋሁ!» ብሎ ሲጮህ፣ ከጠረጴዛዋ ቀና እንኳ ሳትል «ቀኙን! ቀኙን ደብድበው!» ትላለች። ልጁ ቀኙን ይደበድባል፤ ገጹ አንድ በአንድ እየተዘጋ ወደሚያውቀው ቦታ ይመለሳል። ይህ ምክር ለዓመታት አንድ ጊዜም ሰው አሳስቶ ስለማያውቅ ስም ሆኖ ተለጠፈባት።

በወጣትነቷ የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፋ ድርጅት ውስጥ ተቀጥራ ነበር። ኮሌታ ነው የምትሰፋው፤ ኮሌታ ብቻ። ኪስ የሚሰፋው ሌላ፣ እጅጌ የሚሰፋው ሌላ። እንዲህ ባለ ቦታ የሠራ እጅ አንድ ነገር ከለመደ አይለቅም። ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጠጋኙን ያገባችው ያን ጊዜ ነው። ሰውዬው እቃ መፍታት ነፍሱ ነው፤ መልሶ መግጠሙ ላይ ግን ነገ ዛሬ ይላል። አንድ ቀን የሞተ ጥቁር ማሽን ገዝቶ መጣና ነፍስ ዘራበት፤ ሳሎን አስቀመጠው። ጎረቤት መጣ፣ የጎረቤት ጎረቤት መጣ። ሶፋው ወጥቶ አግዳሚ ወንበር ገባ፤ ሳሎኑ ጌም ቤት ሆነ፤ ባልና ሚስቱ ከነልጃቸው ከመጋረጃ ጀርባ መኖር ጀመሩ። እሷም ኮሌታዋን ተሰናበተች።

ሰው የማያውቀው ነገር ቢኖር መጫወቷን ነው። ጠዋት ጠዋት፣ በሩ ሳይከፈት፣ መነጽሯን በገመዱ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ቀዩን ሽርጧን እንዳደረገች ጆይስቲኩን ታነሳለች። አንድ ጊዜ የሰፈሩ መካኒክ «እትዬ እኮ የወንበር ጠባቂ ናት» ብሎ ሲቀልድባት ቁጭ አድርጋ ኳስ ገጠመችው፤ መካኒኩ ከዚያ ወዲያ ለሳምንት ያህል በዚያ መንገድ አላለፈም። ከዚያ በኋላም ቢሆን ባየችው ቁጥር «ወንበር ላምጣልህ?» ትለው ነበር።

የሰፈሩ ሰው «በጌም ተፋቱ» ይላል። ሐሰት ነው። ሰው በጌም አይፋታም። የተፋቱት ሁለቱም ትክክል መሆን ስለሚወዱ ነው፤ ከአንድ መጋረጃ ጀርባ ደግሞ ለሁለት ትክክል ሰው ቦታ አይበቃም። ብቻ ጠቡ የፈነዳ ዕለት ጠረጴዛው ላይ የነበረችው ትንሿ ማሽን ናት። ጠጋኙ ከሌላኛው ኩባንያ፣ ከባላንጣው፣ አዲስ ማሽን ገዝቶ መጣ። መጽሐፍ የምታክል፣ እጀታዋ ከግራና ከቀኝ የሚነቀል፣ ብብት ውስጥ ተይዛ የምትዞር ነገር። «ይቺ ልጃገረዶችን ታመጣለች፤ አባቶችን ከነልጆቻቸው ታመጣለች» አለ። «የኛን ለምዶ የመጣ ደንበኛ እያለ እንደገና ፊደል ልንቆጥር ነው?» አለች። ቃል ቃልን ወለደ። ሰውዬው ማሽኗን ይዞ ወጣ፤ ሌሊቱን አልተመለሰም፤ በኋላም አልተመለሰም። ፋርማሲውን አልፎ ቤት ሲከራይ እሷ ጫማ ሰፊው፣ መካኒኩና አላፊ አግዳሚው ሁሉ እየሰማ «የሱን ማሽን ከምነካ እጄን እሳት ይብላው!» አለች። በሰው ፊት የተባለ ነገር ደግሞ ቀላል አይደለም፤ ተናጋሪው ቢረሳው እንኳ ጫማ ሰፊው አይረሳውም።

ልጅቷን ተካፈሏት። ሌላ ምን ቃል አለው? አንድ ሳምንት ታች፣ አንድ ሳምንት ላይ። ሚጡ ይሏታል፤ አሁን አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ቁመቷ እናቷን ሊደርስ ምንም አልቀረው። እሑድ ማታ ማታ ቦርሳዋን አንግታ ያንን ዳገት ስትወጣ ወይም ስትወርድ መንገዱ ሁሉ ያያታል። አኩርፋ አታውቅም፣ አልቅሳም አታውቅም። ወላጆቿም ዝም ማለቷን መስማማት አድርገው ወሰዱት። ወላጅ ሲመቸው እንዲህ ነው።

በዚህ ዓመት እትዬ ቀኙ ፍርድ ቤት አመለከተች። «ልጄ እንደ ፖስታ መመላለሷ ይብቃ፤ አንድ ቤት ትኑር» አለች። አንድ ቤት ስትል የራሷን ማለቷ ነው እንጂ ሌላ ቤት በሐሳቧም አልነበረም። ልጇን ትወዳለች። ማሸነፍም ትወዳለች። ሁለቱ ተደባልቀው የቱ የቱ እንደሆነ ለራሷም አይለይላትም ነበር። ፍርድ ቤቱ ከልጆች ጋር የምትነጋገር አንዲት ባለሙያ መደበ፤ ቀጠሮው ለሰኞ ሆነ፤ ሚጡ የት መኖር እንደምትፈልግ ራሷ ትጠየቃለች ተባለ።

ከዚያ ወዲያ እናት እንቅልፍ አጣች። ልጅቷ ምን እንደምትል አይታወቅም። ፊቷን ብታይ አይነበብም፤ በዘወርዋራ ብትጠይቅ «እሺ» እና «እንጃ» ብቻ ነው። ሐሙስ ዕለት ሳህን እያጠቡ ሳለ ሚጡ በድንገት «እማዬ፣ ከሰኞ በፊት አንድ ነገር ላስቸግርሽ» አለች።

«ምን?»

«አባዬ ጋ መጥተሽ ማሽኗን ሞክሪያት። አንድ ጊዜ ብቻ። እዚያ የሠራሁትን ነገር አይተሽው አታውቂም።»

ሳህኑ ከእጇ ሊያመልጣት ነበር። እምቢ ልትል አፏን ከፈተች፤ ሰኞ ትዝ አላት፤ ዘጋችው። «ቅዳሜ ጠዋት» አለች።

ቅዳሜ ማለዳ ዳገቱን ስትወጣ ጫማ ሰፊው መርፌውን አቁሞ አያት። «እትዬ፣ በሰላም ነው? ፋርማሲ ነው?» አላት። «አዎ፣ ራሴን አሞኛል» አለችው። ፋርማሲውን ስታልፈው ደግሞ ዞራ አላየችም፤ መርፌው እንዳልተነሳ ግን በጀርባዋ አወቀችው። እጄን እሳት ይብላው ያለች ሴት በገዛ እግሯ ወደ እሳቱ ስትሄድ መታየት ምን ያህል እንደሚያቃጥል የደረሰበት ያውቀዋል።

ጠጋኙ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሽበት ጣል አድርጎበታል፤ ኪሱ ውስጥ ዛሬም ጠመንጃ መፍቻ አለ።

«ግቢ» አላት።

«ገብቻለሁ» አለች፣ ገና ደጃፉ ላይ ሳለች።

ቤቱ ከጠበቀችው በላይ ንጹሕ መሆኑ አናደዳት። ዝቅ ያሉ ሁለት ሶፋዎች፣ ምንጣፍ፣ ግድግዳው ላይ ሰፊ ቴሌቪዥን። በስተኋላ አንድ የተዘጋ በር አለ፤ እጀታው ላይ የሚጡ ሹራብ ተንጠልጥሏል። እናት ሹራቡን አየችው፤ ሌላ ነገር ለማየት ፊቷን አዞረች።

«ሚጡ ጥናቷን አልጨረሰችም። ከዚያ በቀጥታ ወደዚህ ትመጣለች» አለ ጠጋኙ። ማሽኗን ከፈተ፤ የልጅቷን ጨዋታ አስገባላት፤ ጆይስቲኩን አቀበላት። «እስክትመጣ እጅሽን አሟሺበት። ብቻ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እዚህ ቁልፎቹ...»

«ጆይስቲክ መያዝ ልታስተምረኝ ነው?» አለች። «እኔን?»

ሰውዬው አፉን ከፈተ፤ የድሮው ጠብ ሊመጣ ሲል ይሸተዋል፤ መልሶ ዘጋው። «እንደፈለግሽ» ብሎ የተሰበረ ወንበር ሊጠግን ወደ ጓሮ ወጣ። ወዲያው መዶሻው መሰማት ጀመረ።

ብቻዋን ቀረች። ጆይስቲኩ ከምታውቀው ይቀላል፤ እንደ መጫወቻ ነገር ነው፤ ናቀችው። የሚያራምደውን ዱላ በግራ አውራ ጣቷ ገፋ አደረገች። ስክሪኑ ላይ አንዲት ቦርሳ ያነገበች ትንሽ ልጅ መራመድ ጀመረች። መንደር ነው። የፍራፍሬ ዛፍ፣ ጅረት፣ በጅረቱ ላይ ድልድይ። ቡጢ የለም፣ ጎል የለም፣ የሚያሳድድ የለም። ይህ ደግሞ ጨዋታ ነው? አለች በልቧ። ግን ጣቷ ዱላውን አልለቀቀም።

ትንሿ ልጅ ድልድዩን ስትሻገር አንድ ቤት ታየ። ከበሩ ውጭ ጠረጴዛ፤ ከጠረጴዛው ኋላ አንዲት ሴት ቆማለች። ቀይ ሽርጥ አድርጋለች። አንገቷ ላይ መነጽር በገመድ ተንጠልጥሏል።

እትዬ ቀኙ ከሶፋው ቀና አለች። የራሷን መነጽር በእጇ ዳበሰች። በባላንጣዋ ማሽን፣ በጠላቷ ቤት፣ በማታነበው ቋንቋ መሀል እሷ ቆማለች፤ ልጇ ሠርታት። ከጠረጴዛው አጠገብ ደግሞ አበባ ተተክሏል፤ ውሃ የጠጣ አበባ። እዚህ በመጣች ቁጥር አጠጥታዋለች ማለት ነው። እናት ዓይኗ እንባ ሞላ፤ መነጽሯን አደረገች፤ የሴትዮዋን ፊት አቅርባ ማየት ፈለገች። ማቅረቢያው የትኛው ነው? አንዱን ቁልፍ ነካች። ቅርጫት ወጣ። ሌላውን ነካች። የስም ዝርዝር ወጣ። ሦስተኛውን ነካች፤ ጨለም ያለ ገጽ መጣና መሀሉ ላይ ትንሽ የቆሻሻ ቅርጫት ሥዕል፣ ከሥሩም አንድ መስመር ጽሑፍ።

የቆሻሻ ቅርጫት በየትኛውም ቋንቋ ቆሻሻ ቅርጫት ነው። ግን አልተርበተበተችም፤ ይህን ጊዜ ምን እንደሚደረግ ከሷ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ቀኙን መታች።

ሌላ ጽሑፍ መጣ። ቀኙን መታች። ጽሑፉ ቀላ፤ ከፊተኛው ረዘመ። «ተመለስ እንጂ!» አለች ጮክ ብላ፤ ቀኙን ደበደበችው፣ ደጋግማ፣ በሙሉ አውራ ጣቷ፣ ለሰው ሁሉ ስታስተምር እንደኖረችው።

ስክሪኑ ጠቆረ። ቀጥሎ ደስ የሚል ሙዚቃ ተሰማ፤ ባዶ አረንጓዴ ሜዳ ወጣ። ዛፍ የለም፣ ድልድይ የለም፣ ጠረጴዛ የለም። ማሽኗ በአክብሮት አዲስ ተጫዋች እየተቀበለች ነው።

ጓሮ መዶሻው ቆመ። ጠጋኙ ጩኸቷን ሰምቶ ኖሮ እጁን በሱሪው እየጠረገ ገባ። ስክሪኑን አየ፣ እሷን አየ፣ እንደገና ስክሪኑን አየ። ጆይስቲኩን ቀስ ብሎ ከእጇ ወሰደና ገጽ እየገለጠ ፈለገ። ፈልጎ ፈልጎ ሶፋው ላይ ቁጭ አለ።

«ጠፍቷል» አለ።

«ተመለስ ነው ያልኩት! ቀኙን ነው የመታሁት!»

«እዚህ ቀኙ እሺ ነው። ተመለስ የታችኛው ነው። የነዚህ ሰዎች አሠራር የኛ ግልባጭ ነው።» ጆይስቲኩን ሶፋው ላይ አስቀመጠና «ልነግርሽ ነበር» አለ።

አልጮኸባትም። ቢጮህባት በተሻላት። «ሌላ ቦታ የተቀመጠ የለም? አንተ እኮ ጠጋኝ ነህ፤ የሞተ ታድናለህ» አለችው።

«ይህን አላድንም» አለ። «ይህ ከነካቴው ነው።»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይቺ ናት። ሰኞ ልጅቷ ትጠየቃለች። ዛሬ ቅዳሜ ነው። ልጅ ሆና እዚያ ማሽን ውስጥ ስንት ዘመን የገነባችውን እናቷ መጥታ በቆመችበት ደመሰሰችው። ጠጋኙም ይህንኑ ሲያስብ ነበር መሰለኝ፣ ወለሉን እያየ «እኔ ነኝ እላታለሁ» አለ።

«ምን?»

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት እላታለሁ። በዚህ ነገር አንቺን እንድትጠላ አልፈልግም።»

እምቢ ማለት ነበረባት። ማንም ሰው እምቢ ማለት እንደነበረባት ያውቃል፤ እሷም ታውቃለች። ሰውዬውን አየችው። ሁሉን አስባ ነበር፤ ጠበቃ ይይዝብኛል፣ ልጄን ያባብልብኛል፣ ስሜን ያጠፋብኛል ብላ ነበር። ይህን ብቻ አላሰበችም። መልስ ሳትሰጠው የልጅቷ እግር ደጃፉ ላይ ተሰማ።

«እማዬ! የእውነት መጣሽ!» ሚጡ የጥናት ደብተሯን ሶፋው ላይ ወረወረች፤ ፊቷ እንዲህ በርቶ እናቷ አይታው አታውቅም። «አየሽው? ድልድዩን ተሻገርሽ? ማን እንዳለች...» ስክሪኑን አየች።

«ሚጡ» አለ ጠጋኙ ተነስቶ፣ «እኔ ነኝ። ለእናትሽ ቦታ ላስለቅቅ ስል ሳላስበው አጠፋሁት። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ሙዚቃው ብቻ ይጫወታል። ልጅቷ ወደ እናቷ ዞር አለች፤ እናት ዓይኗን ሰበረች። ያች ዓይን መስበር ምስክርነት ሆነች።

«ሁሉንም?» አለች ሚጡ። ከዚያ ያች አልቅሳ የማታውቅ ልጅ ድምፅዋ ወጣ። «አንተ ሁልጊዜ እንዲሁ ነህ! ያልተበላሸ ነገር ትፈታለህ! ማን ንካው አለህ? ይሄ ብቻ ነበረኝ እኮ፣ ቦርሳዬ ውስጥ የማልከተው ይሄ ብቻ ነበር!» ልጅቷ የእናቷን እጅ ያዘች። «እማዬ፣ እንሂድ። ሰኞ ምን እንደምል አሁን አውቄያለሁ።»

እነሆ። ጠበቃ ያላስገኘው፣ ማመልከቻ ያላስገኘው ነገር በእጇ ገባ፤ የልጅቷ እጅ እጇን ጭብጥ አድርጎ ይዟታል፣ ትኩስ፣ በእንባ የራሰ። ወጡ። ዳገቱን መውረድ ጀመሩ። ሚጡ ካደገች ወዲህ መንገድ ላይ የእናቷን እጅ ይዛ አታውቅም። ታች ጫማ ሰፊው አንገቱን አስግጎ እያያቸው ነው፤ ዛሬ ማታ እናት ቤት ማሸነፉ በሰፈሩ ይወራል። እትዬ ቀኙ ለመራመድ ሞከረች። እያንዳንዱ እርምጃ ልጇን ወደ ቤቷ ያቀርባል፤ ዝም ብሎ መውረድ ነው፤ ሌላ ምንም አያስፈልግም፤ ሰውዬው ራሱ ነው ያለው እንጂ እሷ አልዋሸችም። ይህን ሁሉ ለራሷ ነገረችው። ከኋላ ጠጋኙ ደጃፉ ላይ መቆሙን ሳታይ አወቀች።

ፋርማሲው ደረጃ ጋ ስትደርስ እግሯ እምቢ አለ።

«ምነው?» አለች ሚጡ።

«ቁጭ በይ።»

«እማዬ፣ እንሂድ በቃ።»

«ቁጭ በይ፣ የኔ ልጅ። አባትሽ አይደለም። እኔ ነኝ።»

ልጅቷ አልገባትም። «እሱ ራሱ እኮ ነው...»

«ዋሽቶልኝ ነው። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። አይቻት ነበር፣ ሴትዮዋን፣ ባለ መነጽሯን። ቀረብ ብዬ ላያት ስል መውጫው ጠፋኝ።» የሽርጧን ጫፍ ጠመዘዘች። «ሲዋሽልኝም ዝም አልኩ። አንቺ እንድትመጪልኝ።»

እጇ ባዶ ሆነ። ሚጡ ደረጃው ላይ ተቀመጠች፤ ጉልበቷን አቅፋ አስፋልቱን ታያለች። ከውስጥ ፋርማሲስቷ ብቅ ብላ አይታቸው ተመለሰች። እናት ስድብ ጠበቀች፣ ጩኸት ጠበቀች።

«ቀኙን ደበደብሽው?» አለች ልጅቷ በመጨረሻ።

«አዎ።»

ሚጡ ሳቀች። እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች፤ ሳቁ ግን ደስ አይልም። «እኔም ሁልጊዜ እሳሳታለሁ እኮ» አለች። «እሑድ አንቺ ጋ ስወርድ፣ ሰኞም ማክሰኞም እሺ ስለው ተመለስ ይለኛል። ደንበኞቹ ይስቁብኛል፤ ‹የአባት ቤት እጅ› ይሉኛል። አንቺም አንድ ጊዜ ስቀሻል። ልክ እጄ ሲለምድ ደግሞ እሑድ ይደርሳል። እዚህ ስመጣ እንደገና። ጌሙ ብቻ መሰለሽ? ሌሊት ተነስቼ መብራት ሳበራ ግድግዳ ነው የምዳብሰው። ማብሪያው በዚህ ነው በዚያ? ፎጣዬ የት ነው? ዛሬ የማን ቤት ነው? አንዳንዴ ዓይኔን ሳልገልጥ ትንሽ ቆይቼ አስባለሁ።» አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «አንቺ ዛሬ አንድ ቀን ነው የሞከርሽው።»

እትዬ ቀኙ ደረጃው ላይ አጠገቧ ተቀመጠች። አመመኝ ብላ የዋሸችው ራሷ አሁን የምር አሟታል። አንድ ጥያቄ ነበራት፤ መልሱን ከመስማት ማመልከቻውን ሺህ ጊዜ መጻፍ ይቀላት ነበር።

«የት ነው የማትሳሳቺው?»

«እንጃ።»

«እንጃ አትበይኝ። ዛሬ እንጃ አይሠራም።»

«ትቀየሚያለሽ።»

«እቀየም ይሆናል። ተቀይሜም እናትሽ ነኝ። ንገሪኝ።»

አንድ ሰው መድኃኒት ሊገዛ በመሀላቸው አልፎ ገባ፤ ገዝቶ ወጣ። ከዚያ ሚጡ በአገጭዋ ወደ ዳገቱ አሳየች። «እዚያ» አለች። «ስለማልወድሽ አይደለም። ክፍሌ በር አለው። ስዘጋው ይዘጋል። አንቺ ጋ መጋረጃው ነው፤ ሰው ሁሉ ጎል ሲያገባ እኔ አልጋ ላይ ነው የሚጮኸው።» እናቷን ለማየት ፈራች። «ሰኞ ግን እንደዚህ አልልም። ዝም ነው የምለው። ከመጀመሪያም ዝም ልል ነበር። አንዳችሁን ሳልነካ መናገር አልችልም።»

ወጋት። ይህን ማለባበስ አያስፈልግም፤ ጎኗን እንደ መርፌ ወጋት። ኮሌታ ስትሰፋ ጣቷን ስንት ጊዜ ወግቷታል፤ እንዲህ ገብቶ አያውቅም። ልትከራከር ትችል ነበር፤ በር አስገባልሻለሁ፣ መጋረጃውን አወጣለሁ፣ ደንበኛውን በጊዜ እሸኛለሁ ልትል ትችል ነበር። ቃሉ ሁሉ ምላሷ ላይ ተሰልፎ ነበር። ልጅቷን አየቻት፤ ትከሻዋን ሰብስባ ያንን ክርክር እየጠበቀች ነው። እትዬ ቀኙ ተነሳች፤ ሽርጧን አራገፈች።

«ነይ» አለች። «አባትሽ ሳያጠፋ ነው የሰደብሽው። ሄደሽ ይቅርታ በዪው።»

መልሳ ዳገቱን ወጣች፤ ጫማ ሰፊው ምን ብሎ እንደሚያወራው ይጨነቅበት። ጠጋኙ ከበሩ አልተነቃነቀም ነበር። ሁለቱን ሲያይ ነገሩ ገባው፤ ልጅቷ ደረቱ ላይ ስትለጠፍ ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት ጠመንጃ መፍቻውን በእጁ እንደያዘ አቀፋት።

ሰኞ ሦስቱም ፍርድ ቤት ሄዱ። የባለሙያዋ ቢሮ ጠባብ ነው፤ ወንበሮቹ የማይመሳሰሉ፣ መደርደሪያው ላይ ለትንንሽ ልጆች የተቀመጡ አሻንጉሊቶች። ሚጡ ግድግዳውን ተጠግታ ተቀመጠች፤ ከንፈሯ ደርቋል፤ እጆቿን ጭኖቿ ሥር አድርጋ ተቀምጣባቸዋለች። ባለሙያዋ ለስላሳ ሴት ናት። «ወላጆች ትንሽ ውጭ ብትጠብቁ፣ እኔና እሷ እንጫወታለን» አለች።

«ከመውጣቴ በፊት አንድ ቃል አለኝ» አለች እትዬ ቀኙ። ሌሊቱን ሙሉ ስታጠናው ያደረችው ቃል ነው። «ማመልከቻዬን አንስቻለሁ። ልጄ አባቷ ጋ ትኑር። እኔ ጋ በፈለገችው ቀን ትመጣለች።»

ጠጋኙ ዞሮ አያት። ባለሙያዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች፤ እንዲህ ያለ ነገር ለምዳለች፤ ተጠራጠረች። ከእናቲቱ ወደ ልጅቷ፣ ከልጅቷ ወደ እናቲቱ አየች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህን ልጅቷ ናት የጠየቀችዎት? እሷ ናት የመረጠችው?»

ሚጡ አንገቷን ደፋች።

«የለም» አለች እናት። «እሷ ምንም አላለችም። እኔ ነኝ የመረጥኩት።»

ባለሙያዋ እስክሪብቶዋን አንስታ እንደተባለችው ጻፈች። ሚጡ ያን ጊዜ ነው እጆቿን ከጭኖቿ ሥር ያወጣችው።